እህቴን እንዳትፈልግብኝ

ውድ ኢንጂነር፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። «ኢንጂነር» ያልኩህ ደግሞ የሱቃችን ደንበኞች ያወጡልህ ስም ስለሆነ ነው። እናትህ ባወጣችልህ ስም ልጠራህ ሞክሬ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ልንጋባ አስበን የነበርን ሰዎች ነን፤ አንድ ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሰው ስልክ ስንፈታና ስንገጥም የኖርን ሸሪኮች ነን። አሁን ግን ስምህን አልጠራም።

መልእክትህ ደርሶኛል። እኔ ቁጥርህን ስለዘጋሁብህ፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ጎረቤታችን ስልክ ላይ ላክኸው፤ እሷ ደግሞ እየሮጠች አምጥታ አሳየችኝ። «እናትሽ በጠና መታመማቸውን ሰማሁ» ትላለህ። «እህትሽን ሳያዩ እንዳይሞቱ እንደሚለምኑም ሰማሁ። እኔ ላገኛት እችላለሁ። አሁን በምሠራበት ቦታ ለዚህ የሚሆን ሁሉ ነገር አለ። አንቺ ብቻ ልማዷን ንገሪኝ፤ ስንት ሰዓት ትነሳለች፣ በእረፍቷ ቀን የት መሄድ ትወዳለች፣ ማን ይናፍቃታል። የቀረውን ለኔ ተይው። ካጠፋሁት ትንሹን እንኳ ልካስ።»

አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ ይህን ጻፍክ? ጎረቤታችን ፊቴን አይታ «ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ደግ ሰው ነው የጻፈው» አልኳት። ምን ልበላት!

መልሱን በወረቀት የምጽፍልህ በስልክ መጻፍ ስላቃተኝ ነው። ጣቴ መስታወቱን ሲነካው ከስር ማን እያነበበኝ ይሆን እያልኩ እጄን እሰበስባለሁ። ስልክ ጠጋኟ ስልክ ፈራች ብለህ ሳቅ። ድሮም ሳቅህ ቅርብ ነበር።

ሱቃችንን ታስታውሳለህ? አንተ ወደ ግድግዳው፣ እኔ ወደ በሩ። ካቻቢቴ ስንቀባበል ክንዳችን ይነካካ ነበር፤ ቦታው ጠብቦ ነው እያልን እናመካኛለን። እኔ ስክሪንና ባትሪ፣ አንተ ቦርዱንና የውስጡን ነገር። ስልክ ማጠብን ያመጣኸው አንተ ነህ። አንዲት ነርስ መጥታ «ኧረ ይሄ ስልክ ጉድ ነው፤ ስለ ጫማ ካወራሁ ጫማ ያሳየኛል» ስትል አንተ ሳቅህና «ተይው፣ አጥብልሻለሁ» አልካት። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ሁሉ አጥፍተህ፣ ስም የማይጠይቅ፣ አካውንት የማይፈልግ ሌላ ሲስተም ጫንክበት። ከዚያ በኋላ ወሬው ተዛመተ። በራችን ላይ «ስልክ እናጥባለን» ብለን ጻፍን። መጀመሪያ መንገደኛው ሳሙናና ውሃ መስሎት ይስቅብን ነበር።

ደንበኛን የምታሳምንበት መንገድ ነበረህ። ሰውየውን ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ላፕቶፑን ወደሱ ታዞራለህ። መጀመሪያ ያልታጠበ ስልክ ከሱቁ ዋይፋይ ጋር ታገናኛለህ። ስልኩ ማንም ሳይነካው ወደ ውጭ የሚልከው ነገር በሙሉ ላፕቶፑ ላይ መስመር በመስመር ይወርዳል። ሰዎቹ አፋቸውን ይይዛሉ። ቀጥለህ የታጠበውን ታገናኛለህ። ስክሪኑ ባዶ። እጅህን ደረትህ ላይ አጣጥፈህ «አያችሁት? ዝም! እንደ ጨዋ ልጅ ዝም!» ትላለህ። ሰው መርቆህ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከጎንህ ተቀምጬ በኩራት አብጥ ነበር። የወደድኩህ ያኔ ነው፤ በባዶ ስክሪን ፊት።

እህቴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ባሏን ታውቀዋለህ። የጭነት መኪና ተቆጣጣሪ ነው፤ ሥራው የትኛው መኪና የት እንደደረሰ፣ የት እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ መጠየቅ ነው። ቤቱም ገብቶ ሥራው አይለቀውም። «የት ነሽ? ለምን ቆየሽ? ከማን ጋር ነሽ?» ከጥያቄ ወደ ጥፊ፣ ከጥፊ ወደ ባሰው ሄደ። ያን ቀን ጥቁር መነጽር አድርጋ ሱቃችን ገባች። መነጽሩን ሳወልቅላት እኔ ጮህኩ፤ አንተ ወንበርህን ለቀህላት በሩን ዘጋህ። ይህንን አልክድህም።

ወደ ሌላ ከተማ እንድትሄድ ወሰንን። እኔ አዲስ ስልክ ልገዛላት ነበር። አንተ ነህ የከለከልከኝ። «አዲስ ለምን? የራሷን አጥብላታለሁ። የእናቷ ፎቶ አለበት፣ ድምፃቸው አለበት፤ ባሏን ተወች ብላ እሱንም ትጣ?» አልክ። አንጀቴን በላኸው። ያን ቀን ደንበኛ አላስተናግድም ብለህ ስልኳን ይዘህ ዋልክ። ሲያልቅ ላፕቶፑን ወደሷ አዞርክላት። ባዶ። «አሁን የት እንዳለሽ ከራስሽ በቀር የሚያውቅ የለም» አልካት። አቅፋህ አለቀሰች። «ወንድም የለኝም ነበር፣ አሁን አለኝ» ያለችህን አልረሳውም፤ አንተም እንዳትረሳው።

ሄደች። ሥራ አገኘች፤ ክፍል ተከራየች። በስልክ ስትስቅ እማዬ «ይቺ ልጅ ወፍራለች መሰለኝ፣ ሳቋ ከበደ» ትለን ነበር። እኛ ስንስቅ፣ እሱ እየመጣ ነበር።

የሥራ ቦታዋ በር ላይ ጠበቃት። ሰው ገላገላቸው እንጂ አትተርፍም ነበር። እጇንና የትከሻዋን አጥንት ሰበረ። ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዴት እንዳገኛት ሲጠየቅ አልደበቀም፤ እንዲያውም ኮራ ብሎ ነው የተናገረው። ስልኩን የገዛላት እሱ ነው። ካርቶኑን አልጣለውም ነበር፤ ካርቶኑ ላይ የስልኩ መለያ ቁጥር ተለጥፏል። መሥሪያ ቤቱ የመኪናዎቹን መገኛ የሚገዛው ከአንድ ደላላ ነው፤ ደላላው የሰው ስልክ የሄደበትንም ለማስታወቂያ ሠሪዎች እየሸጠ ይኖራል። ቁጥሩን ሰጠው፤ ደላላው ካርታ ሰጠው። ይኸው ነው። ዳኛው ፊት ቆሞ «የገዛሁት ስልክ ነው፤ የት እንዳለ ማወቅ መብቴ ነው» አለ። ጥቂት ወራት ፈረዱበት።

ሆስፒታል ስንደርስ እህቴ በነጭ ፋሻ ተጠቅልላ ጣሪያ ታያለች። አንተ መተላለፊያው ላይ ቀርተህ ነበር፤ «ያመኛል፣ ማየት አልችልም» ብለህ። እኔ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ታጥቧል አላላችሁኝም?» አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን እችለው ነበር። እሷ ግን በእውነት ነው የጠየቀችኝ፤ ያልገባት ነገር እንዳለ ሰው።

በማግስቱ አንተ ዕቃ ልትገዛ ስትወጣ ስልኳን ሱቅ ይዤው ገባሁ። ከሱቁ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። ባዶ። እንዴ! ታዲያ እንዴት አገኛት? የራሴን፣ ፊልም የማይበትን ላፕቶፕ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አንተው ያስተማርከኝን ያንኑ ፕሮግራም ጫንኩበት። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ዋይፋይ፣ ያው ስልክ። መስመሩ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወረደ። የላከው እኛ የጫንነው ሲስተም አይደለም፤ አፕም የለበትም። ከስር ነው። ስልኩ የት እንዳለ የሚያውቀው ቺፕ ራሱ፣ ሲስተሙን ሳያስፈቅድ፣ ለሠሪው ድርጅት ይደውላል፦ ቁጥሬ ይህ ነው፣ ያለሁት እዚህ ነው። ደላላው የሚገዛው ከዚያ ድርጅት ነው። ቤቱን ጠርገን ጠርገን፣ ወለሉ ስር ሰው ይኖር ኖሯል።

ልንገርህ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። አንተም አታውቅም ነበር ብዬ። ተሸወድን፣ ሁለታችንም ተሸወድን፤ አብረን እናለቅሳለን ብዬ። ከዚያ የሱቁ ላፕቶፕ ለምን ዝም እንዳለ ለማየት ማስተካከያውን ከፈትኩት። የዚያ ድርጅት አድራሻ እዚያ ተጽፏል፤ ከጎኑ «አታሳይ» የሚል ምልክት አለበት። ያስገባኸው እህቴ ከመምጣቷ ብዙ ቀደም ብለህ ነው። አልዘጋኸውም። መዝጋት ስትችል አልዘጋኸውም! ለዓይን እንዳይታይ ብቻ ነው ያደረግከው።

ዕቃህን ታቅፈህ ስትገባ ሁለቱም ላፕቶፖች ጎን ለጎን ክፍት ነበሩ። አይተህ ነገሩ ገባህ። ዕቃውን ቀስ ብለህ መሬት አስቀመጥክ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩህ።

«ትንሽ ነገር እኮ ናት።»

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«ብዘጋት ጂፒኤሱ ቦታ ለማግኘት ይንቀራፈፋል። ደንበኛ ያማርራል፣ አበላሸኸው ይለኛል። ለሰው ብናገር ደግሞ ማን ስልክ ያሳጥባል? ሁሉን ነገር ማጥፋት የሚችል የለም። እኔ አብዛኛውን አጥፍቻለሁ። ደግሞ ስም የለባትም፣ ቁጥር ብቻ ናት።»

«በቁጥር ነው ያገኛት! በስም መች ፈለጋት?»

«ውሉ ላይ ተጽፏል» አልክ። ይህንን ነው ይቅር የማልልህ። «ስልኩ መጀመሪያ ሲከፈት ይጠይቃል። እስማማለሁ ያለ ሰው ተስማምቷል።»

«ስልኩን የከፈተው ባሏ ነው! እስማማለሁ ያለው እሱ ነው፤ በሷ ፈንታ!»

ከዚያ ምን እንዳደረግክ ታስታውሳለህ? ባንኮኒው ላይ የነበረውን አቧራ በእጅህ ጠረግክ። እህቴ አጥንቷ ተሰብሮ ተኝታ፣ አንተ አቧራ ትጠርጋለህ። ያኔ ነው ያለቀልን። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆንን፤ ሱቁ ተዘጋ። ቆይቼ ደግሞ ሥራ አገኘ ሲሉ ሰማሁ። የት? ያንን መረጃ ገዝተው ከሚሸጡት ጋ! እሰይ! ዕውቀትህ ሜዳ ላይ አልቀረም።

እህቴ አጥንቷ እንደገጠመላት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። «የምሄድበትን ለማንም አልነግርም። ለናንተም» አለች።

እማዬ «ለኔስ ልጄ?» ብትላት፣

«ላንቺማ በተለይ!» አለቻት። «አንቺ ስልክ የምታወሪው በላውድ ስፒከር ነው። ገና ዘግተሽው ሳትጨርሺ ሰፈሩ ሁሉ ይመክርበታል።»

ሦስታችንም ሳቅን። እየሳቅን ነው የተለያየነው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማንም። ደህና ትሁን አትሁን፣ ትብላ አትብላ፣ ክንዷ ብርድ ሲሆን ያማት አያማት፣ ምንም አላውቅም። እማዬ ስልኳን ከቻርጅ ነቅላ አታውቅም፤ «ስትደውል ባትሪ ዘግቶብኝ ቢሆንስ» ትላለች። እህቴ አትደውልም። መደወል እንኳ አስፈርተናታል። ይህንን የሠራኸው አንተ ነህ ስልህ ባልየውን ረስቼ አይደለም። እሱ ጠላቷ ነበር፤ ከጠላት ሌላ ምን ይጠበቃል? አንተን ግን አቅፋህ ነበር።

ባልየው ተፈቷል። እማዬ መታመሟን ሰምቶ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ፤ የጎረቤት ሰዎች ተቀምጠው ስለነበር ላባርረው አፈርኩ። ወንበር ስቦ ራስጌዋ አጠገብ ተቀመጠና «እማማ፣ እኔም እኮ ተጨንቄያለሁ። ለእርስዎ ስል አብረን እንፈልጋት» አላት። ይህን እያለ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ካለው የእማዬ ስልክ አይነቀልም። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችበት። ብርቱካኑን ከነፌስታሉ ውጭ ጣልኩት። አሁን የአንተን መልእክት ሳነብ የሱ ድምፅ ነው የመጣብኝ። አብረን እንፈልጋት። ሁለታችሁም ለእናቴ ስትሉ ነው!

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን ስሰድብ ብቻ አልቆየሁም። ተፈተንኩ። የእማዬ ሐኪም ተስፋ ቆርጦ «ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት» ካለን ወዲህ በያንዳንዱ ቀን ትንሽ ትንሽ እየቀነሰች ነው። ትኩሳቱ ሲነሳባት «ልጄን አምጡልኝ፣ አንዴ ብቻ ልያት» እያለች ክንዴን ትጨብጣለች። ጣቶቿ ቀጥነው ቀጥነው... ይሄን ማየት ምን እንደሆነ አንተ አታውቅም። መልእክትህን ጎረቤቴ እንድታጠፋው ልነግራት ነበር፤ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለሁለት ቀን ተውኩት። ምን አለበት፣ አንዴ አግኝቷት፣ አንዴ መጥታ፣ አይታት ትመለስ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ለራሷ ለእማዬ ነገርኳት። ጠዋት ጠዋት ትኩሳቱ ይለቃታል፤ ያኔ የድሮዋ እናቴ ናት፣ ምላሷም ይመለሳል። ፊቷን እያጠብኳት «እማዬ፣ ሊያገኛት የሚችል ሰው አለ» አልኳት።

«ማነው?»

«ኢንጂነሩ።»

ፎጣውን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ፊቷን ጠረገች። ጊዜ ወሰደባት። «እሱ ካገኛት፣ ያኛውስ ያገኛታል?»

ልዋሻት አልቻልኩም። አንዴ መንገዷ ካርታ ላይ ከወጣ ለአንተ ብቻ እንደማይሸጥ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ፤ ሥራህ ነው። «ሊያገኛት ይችላል» አልኳት።

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ!» ብላ ተቆጣችኝ፤ ጤነኛ ሳለች እንደምትቆጣን። «እኔ ልይ ብዬ ልጄን ላስገድል? ተዋት። የት እንዳለች እኔ ካላወቅሁ እሱም አያውቅም። ለዚያ ሰውዬ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፤ ልጄን እንዳይፈልግብኝ።» ከዚያ ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ታለቅስ ነበር።

እንግዲህ ታዝዤ ነው የምጽፍልህ። ስንት ሰዓት እንደምትነሳ አውቃለሁ፤ አልነግርህም። በእረፍቷ ቀን የት መሄድ እንደምትወድ አውቃለሁ፤ ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል፤ አልነግርህም። ማን እንደሚናፍቃትም አውቃለሁ። እኛ ነን። ይህንንም ባትጽፍብኝ ደስ ይለኛል፤ በናፍቆትም ሰው ይገኛል መሰለኝ፣ አንተ የምትሠራበት ቦታ።

ያለ እኔም ልሞክር ትል ይሆናል። አውቅሃለሁ፤ አንድ የተቆለፈ ነገር ካየህ እጅህ አያርፍም። በሞቴ ተው። «ለደግ ነው» ብለህም ተው። አግኝተሃት ዝም ብትል እንኳ እዚያ ማሽን ውስጥ ገብታልሃለች፣ ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቅም መገኛዋ ይሰጠዋል። ካሳ ክፈል ብዬ አላዘዝኩህም። ካልካስኩ አይሆንልኝም ካልክ ግን፣ ስልካቸውን ያጠብንላቸው ሰዎች አሉ። ነርሷ አለች፤ ከአለቃው ተደብቆ ሌላ ሥራ ይፈልግ የነበረው የሂሳብ ሠራተኛ አለ፤ ልጇን ይዛ የሸሸችው ወጣትም አለች። ቤታቸው ሂድ፣ በር አንኳኳ፣ «ስክሪኑ ባዶ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ባዶ ያስመሰልኩት» በላቸው። እኔ ለማውቃቸው ተናግሬያለሁ። አንዷ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችብኝ፤ ደግ አደረገች። የሚበልጡት ግን የአንተ ደንበኞች ናቸው፤ አድራሻቸውን እኔ አላውቅም። አንተ ማግኘት ትችላለህ አይደል? እነሱን ፈልግ።

አታደርገውም። እኔ ግን ብዬሃለሁ።

ወድጄህ ነበር ማለት አሁን ምን ይፈይዳል? ግን ወድጄህ ነበር። ያንን «አታሳይ» የሚል ምልክት ያደረግክ ዕለት ምን አውርተን፣ በምን ተሳስቀን እንደነበር ለማስታወስ ስንት ጊዜ ራሴን አስጨነቅሁ። አጠገቤ ተቀምጠህ ነው ያደረግከው። ክንድህ ክንዴን እየነካ።

ትኩሳቱ ተነሥቶባታል፤ ከወዲያኛው ክፍል እየተጣራች ነው። እኔን አይደለም፣ በእህቴ የቁልምጫ ስም ነው። ትናንት «እሷ እዚህ የለችም እማዬ፣ እኔ ነኝ» ስላት እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰችብኝ። ድምፃችን ይመሳሰላል፤ እህታማቾች ነን። መጋረጃውን ጋርጄ ልገባ ነው። «አቤት እማዬ፣ መጣሁ» እላታለሁ። እጄን ይዛ «የት ነበርሽ ልጄ?» ካለችኝ፣ እህቴ እንደምትመልሰው እመልስላታለሁ፤ «አልነግርሽም።»

ደህና ሁን። መልስ እንዳትጽፍ።

ሸሪክህ የነበረችው